ወታደሩ የሕግ ነው ወይስ የሰው?

የኢትዮጵያ ወታደር የማን ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። መልሱን የሚያውቅ ካለ ግን እስቲ ይንገረን። በአፄው ዘመን «የንጉሠ ነገሥቱ ነው» ተባለ። በደርግ ዘመን «የአብዮቱ ነው» ተባለ። ኢሕአዴግ አገር ሲይዝ «የሕገ መንግሥቱ ጠባቂ ነው» ተባልን። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ «ከፓርቲ ነፃ የሆነ ሠራዊት እየገነባን ነው» ሲባል ሰማን። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መለዮው ይለወጣል፣ መዝሙሩ ይለወጣል፣ አዛዡ ይለወጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ አንድ ነገር ግን ሳይለወጥ እዚህ ደርሷል፤ ወታደሩ ዓይኑን የሚያሳርፈው ቤተ መንግሥት በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች መፈንቅለ መንግሥት ካልተደረገ፣ ጄኔራል ወንበር ላይ ካልወጣ፣ ሲቪሉ ወታደሩን በሚገባ እየተቆጣጠረ ነው ይሉናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሲቪል ባለ ሥልጣን ወታደሩን ማዘዙ ብቻውን ለእናንተና ለእኔ ምን ይረባናል? ያ ሲቪል ራሱ በሕግ የማይታዘዝ፣ ጠያቂ የሌለው ከሆነ ጠመንጃው ከጄኔራሉ እጅ ወጥቶ ሚኒስትሩ እጅ ገባ ማለት ነው፤ በቃ። ሕዝቡማ ያው በፊት የነበረበት፣ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንየው።

የዘበኛው ነገር

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከአቶ ግርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ልብ በሉ! የተነሣው ጠረፍ ላይ የተረሳ ጦር አይደለም። ንጉሡን እንዲጠብቅ ተመርጦ፣ ተለይቶ፣ ተንከባክቦ የተያዘው የቅርብ ዘበኛ ነው። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለዙፋኑ ቆመው ሙከራውን አከሸፉት። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ መሳፍንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ። ጄኔራሉም ተይዘው በመጋቢት ወር ተሰቀሉ።

ቤተ መንግሥቱ ከዚህ ምን ተማረ? ሠራዊቱን በሕግና በምክር ቤት ሥር እናድርገው የሚል አልተገኘም። የተያዘው ዘዴ አንዱን ጦር በሌላው ማስጠበቅ ነበር። ወታደሩ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተማረ። ዙፋኑን ያተረፈው ምድር ጦር ብዙም ሳይቆይ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ተጨመረለት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠይቆ እንደማያፍር ያን ጊዜ ታወቀ። አቤቱታው የሚሄድበት የታወቀ መንገድ፣ የሚመረመርበት ደንብ፣ የሚወስን ሸንጎ አልነበረም። መንገዱ በጉልበት ወደ ቤተ መንግሥት የሚወስደው ብቻ ሆነ።

የነገሌ ውኃ

አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ በዚያው መንገድ ሌላ ጦር መጣ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም በነገሌ ቦረና የነበሩ ተራ ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም፤ ማርክስም ሌኒንም በቦታው አልነበሩም። ምክንያቱ ምግብና ውኃ ነበር። የተራው ወታደር የውኃ መሳቢያ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና «እኛ የምንበላውን ብሉ፣ እኛ የምንጠጣውን ጠጡ» ብለው አበሏቸው፤ አጠጧቸው።

ጉድ እኮ ነው! የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለኝ የሚል መንግሥት በአንድ የውኃ ጉድጓድ ተጀምሮ በስምንት ወር ውስጥ ፈረሰ። ከነገሌ ወደ ደብረ ዘይት፣ ከደብረ ዘይት ወደ አሥመራ ተሸጋገረ። የካቲት ሳያልቅ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ደመወዝ ተጨመረ፤ አልበረደም። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተሰብስበው ደርግ ሆኑ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡን አወረዱ።

ደርግ ራሱን የጠራው «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ነበር። «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ይህ ጊዜያዊ እስከ መስከረም 1980 ዓ.ም፣ ማለትም 13 ዓመት ቆየ። «ያለ ምንም ደም» የተባለው አብዮት ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ወደ 60 የሚሆኑ ሹማምንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ራሳቸው በዚያው ምሽት ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። ለውኃ ብሎ የተነሣ ወታደር በአንድ ዓመት ውስጥ የአገር ዳኛም ገዳይም ሆኖ አረፈው።

ሠራዊቱን የበላው ማን ነው?

ደርግን ስናነሣ ሕዝቡ ላይ ያደረሰው ይነገራል፤ ይገባል። ሠራዊቱ ላይ ያደረሰው ግን አይነገርም። ወታደር መንግሥት ሲሆን መጀመሪያ የሚሞተው ወታደርነቱ ነው። አዛዡ በግራ በኩል የፖለቲካ ኮሚሳር፣ በቀኝ በኩል የደኅንነት ሰው ተደረገለት። ጥይት የማያውቀው ካድሬ ጥይት የሚያውቀውን መኮንን ከሰሰው። የካቲት 1980 ዓ.ም የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትእዛዝ ተረሸኑ። በወሩ አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ ራሱ ተደመሰሰ። አዛዡን የገደለ መንግሥት ጦሩ ለምን ተሸነፈ ብሎ ማንን ሊጠይቅ ነው?

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም ጄኔራሎቹ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በሄዱበት ዕለት ተነሡ። ከሸፈ። የኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል ዐምሃ ደስታ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም፣ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። እነዚህ ሰዎች በአገር ገንዘብ በየአካዳሚው የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በጦር ሜዳ የጨረሱ ነበሩ። በሌላ ዓመት ግንቦት 20 መጣ። በአፍሪካ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ሠራዊት፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ተበተነ።

ባደግሁበት ሰፈር አንድ የቀድሞ ጦር አሥር አለቃ ነበሩ። እግራቸውን ምጽዋ ላይ ያጡ ናቸው። እኛ ልጆች ምርኩዛቸውን እየደበቅን እናስቸግራቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ስለ ፖለቲካ ሲያወሩ አልሰማሁም። ሲቆጡ የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እኔ የመንግሥት ወታደር ነበርኩ፤ መንግሥት ሲሄድ እኔ የማን ሆንኩ?» ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩና አልገባኝም። አሁን ሳስበው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ጥያቄ የእሳቸው ነው። ወታደር የሰው ሲሆን፣ የፓርቲ ሲሆን፣ ሰውየውና ፓርቲው በሄዱ ማግሥት ባለቤት አልባ ይሆናል። የሕግ የሆነ ወታደር ግን ሹሙ ቢለወጥም ሕጉ ስላለ ይኖራል፤ ጡረታውም ክብሩም አብሮት ይኖራል።

ወረቀቱና መሬቱ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሲነበብ ደስ ይላል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሆናል ይላል። ሠራዊቱ ምን ጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ ነው ይላል። ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን ያከናውናል ይላል። ስብጥሩም የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋፅኦ ያካተተ ይሆናል ይላል። ወረቀቱ ምን ይወጣለታል! ይህን ወረቀት ግን መሬት ላይ ያወረደው ማን ነው?

ከ1983 ዓ.ም በኋላ የአገሪቱ ሠራዊት የሆነው ያው በበረሃ የታገለው የኢሕአዴግ ታጣቂ ነው። የበላይ አዛዦቹ አብዛኞቹ ከሕወሓት ታጋዮች የመጡ ነበሩ። ታጋይና ፓርቲ ለዓመታት አንድ ማዕድ በልተው፣ አንድ ዋሻ አድረው የመጡ ናቸው፤ በአንድ አንቀጽ ይለያያሉ ብሎ ማሰብ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማስረጃ ብትሉኝ 1993 ዓ.ምን አስታውሱ። ሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ሰዎች ተጣሉ። የፓርቲ ጉዳይ ነው። ታዲያ በዚያው ሰሞን የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል ጻድቃን ገብረ ትንሣኤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አበበ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣናቸው ለምን ተነሡ? ፓርቲው ሲያስነጥሰው ሠራዊቱን ጉንፋን ከያዘው ሁለቱ አንድ ሳንባ ነው የሚተነፍሱት ማለት ነው። በቦታው የተተኩት ጄኔራል ሳሞራ የኑስ እስከ 2010 ዓ.ም፣ 17 ዓመት ቆዩ።

ሚኒስትሩስ? ሚኒስትሩ ሲቪል ነበር፤ ሕጉ ተከብሯል። ሜጀር ጄኔራል አባዱላ ገመዳ ማዕረጋቸውን አስረክበው «አቶ» ሆነው ነው የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት። በጥቅምት 2011 ዓ.ምም ወይዘሮ አይሻ መሐመድ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሱፍ መልበስና ቀሚስ መልበስ የሲቪል ቁጥጥር ነው ያለው ማን ነው? ቁጥጥር ማለት የማያውቀውን የሚጠይቅ፣ ያልተዋጠለትን የሚከለክል፣ ሒሳብ የሚያስቆጥር አካል መኖር ነው። ይህ ሥራ የምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ በ2007 ዓ.ም ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዙበት ነበር። በ2013 ዓ.ምም ምርጫ በተካሄደባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። አለቃውን ማን ይጠይቃል? ጠያቂና ተጠያቂ አንድ ቤት ሲያድሩ ጥያቄው እራት ላይ ይቀራል።

የሜቴክ ትምህርት

ጠያቂ የሌለው ወታደር ምን እንደሚሆን ሜቴክ አሳይቶናል። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። የሚመሩት መኮንኖች ነበሩ። ስኳር ፋብሪካው ለእሱ፣ የያዩ ማዳበሪያው ለእሱ፣ የህዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ፋብሪካዎቹ ተጓተቱ፤ ግድቡም ዘገየ። በ2010 ዓ.ም ክረምት የግድቡ ሥራ ከእጁ ተነጠቀ፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም የቀድሞው ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘውና ሌሎች በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ።

ሁሉም በሰዎቹ ፈረደ። እሺ፣ ይፈረድ። ግን ያን ሁሉ ሥራ ያለ ጨረታ ሲሰጥ ፊርማውን ያኖረው ማን ነበር? ሲቪሉ መንግሥት አይደለም እንዴ? ምክር ቤቱስ ያኔ የት ነበር? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ወታደሩ ወደ ንግድ የገባው በር ሰብሮ አይደለም፤ ሲቪሉ ከፍቶለት ነው። ጎረቤታችን ሱዳን ይህ ነገር ጫፉ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አይተናል። እዚያ ጦሩም፣ ፈጥኖ ደራሹ ኃይልም የየራሳቸው ኩባንያና የየራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። ሲቪሎቹ ኩባንያዎቹ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይግቡ ብለው ሲጠይቁ ቆዩ። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም ጄኔራል አል ቡርሃን የሲቪሉን መንግሥት በተኑ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ሁለቱ ጦሮች ካርቱም መሐል እርስ በእርስ ተታኮሱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የተጎዳው ሣሩ ነው፤ ከሣሩም የኛው ስደተኞች ነበሩበት።

ፑሽአፕና ፍርድ ቤት

መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም 240 ገደማ ወታደሮች፣ ከፊሎቹ ከነትጥቃቸው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ደረሱ። ጥያቄያቸው የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ነው ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አነጋገሯቸው፣ አብረው ፑሽአፕ ሠሩ፤ በቴሌቪዥን አየን፣ ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ነገሩ ለውጡን ለማጨናገፍ የታለመ እንደነበረ ተናገሩ። ወታደሮቹም በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበው እስራት ተፈረደባቸው።

የታጠቀ ወታደር ወደ መንግሥት በር መሄዱ ትልቅ ጥፋት ነው፤ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ1953 ዓ.ም እስከ 2011 ዓ.ም 58 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ለተራው ወታደር «ቀለቤ አነሰ፣ አለቃዬ በደለኝ» የሚልበት፣ ከአዛዡ እጅ ነፃ የሆነ አንድ መስኮት እንዴት አይከፈትለትም? መስኮት ሲጠፋ ሰው በር ይሰብራል። ነገሌ ላይ የተሰበረው በር ይኸው ነበር። በዓመቱ ውስጥ ደግሞ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ከጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ጋር ተገደሉ። በዚያው ዕለት ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ጥይት ወረደባቸው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ወታደር በቤቱ ደኅና ካላደረ እኛ ምን ተስፋ አለን ያላለ ሰው አልነበረም።

ልዩ ኃይሉንም አንርሳ። ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሚፈቅደው ፖሊስ ነው። ክልሎች ግን ለዓመታት መትረየስ የያዘ ልዩ ኃይል ሲያሠለጥኑ ሁሉም እያየ ዝም አለ። መጋቢት 2015 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ደግሞ ልዩ ኃይሉ ፈርሶ ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ ይግባ ተባለ። አማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ። አራት ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መጣ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ኮማንድ ፖስት የሚባለው መንግሥት

አሁን የዛሬው ሕመማችን ጋ ደረስን። በእኛ አገር ወታደሩ ወደ ሲቪሉ ኑሮ የሚገባበት የኋላ በር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነው። በ2009፣ በ2010፣ በ2014፣ በ2015 ዓ.ም እየታወጀ ኖረናል። ሲታወጅ «ኮማንድ ፖስት» የሚባል ነገር ይቋቋማል። ከንቲባው ለስሙ ይቀመጣል፤ ማን እንደሚታሰር፣ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ልብ በሉ፤ የ2010ሩ ኮማንድ ፖስት ሴክሬታሪያት ኃላፊ ሲቪሉ የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ሲራጅ ፈጌሳ ነበሩ። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም በሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ ኮማንድ ፖስቱ የሟቾቹ ቁጥር 9 ነው፣ የሆነውም በተሳሳተ መረጃ ነው አለን። ሚኒስትሩ ሲቪል መሆናቸው ከእነዚያ ሰዎች ለአንዱ እንኳ ጋሻ ሆኖታል?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የታወጀው ዐዋጅ ለስድስት ወር ነበር፤ አራት ወር ተጨመረበት። በእነዚያ ወራት ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ከቤታቸው እየተወሰዱ አዋሽ አርባ በሚገኝ ወታደራዊ ካምፕ ታስረዋል። የምክር ቤት አባል የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ መጀመሪያ ታሠሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። ፈረሱ ከጋሪው ኋላ ተጠመደ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም በመርዓዊ ከተማ ምን እንደተደረገ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ነግሮናል፤ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋግጫለሁ አለ። ኮሚሽኑ በምክር ቤቱ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው፤ «የጠላት ወሬ» ማለት አይቻልም። ዐዋጁ በግንቦት 2016 ዓ.ም መጨረሻ ጊዜው አበቃ፤ ውጊያው ግን ከዐዋጁ ጋር አላበቃም።

ሕጉ ይህን ቀድሞ አስቦበታል እኮ! አንቀጽ 93 ዐዋጅ ሲወጣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። በዐዋጁ ምክንያት የታሠሩትን ሰዎች ስም ከታሠሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ የዚህ ቦርድ ግዴታ ነው። ጥፋት ያደረሰ እንዲከሰስ ማሳሰብም ሥራው ነው። ልጁ የት እንደደረሰ ያላወቀ አባት በየካምፑ በር ከሚንከራተት ይልቅ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «የስም ዝርዝሩ የታለ?» ብሎ ነው። ቦርዱ ፈርቶ ዝም ካለ፣ ምክር ቤቱም «አላየሁም» ካለ፣ ሕግ አለ ብለን ራሳችንን ማታለል የለብንም።

«አገር እየተወጋ?»

ይህን ስጽፍ ምን እንደምባል አውቃለሁ። «አገር እየተወጋ፣ ወታደሩ ደረቱን እየሰጠ፣ አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ማኪያቶህን እየጠጣህ ሠራዊቱን ታማለህ?» የሚል ይኖራል። ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት በሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት ሲፈጸም ከአንድ ማዕድ የበሉ ወታደሮች ተገዳድለዋል። ከዚያ በኋላ በነበረው የሁለት ዓመት ጦርነት የስንት እናት ልጅ የት ሜዳ እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው። ለዚያ ወታደር አክብሮት የሌለው ሰው ሰው አይባልም።

ነገር ግን አክብሮትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ወታደሩን ወደ ጦርነት የሚልከው ራሱ ወታደሩ አይደለም፤ ሲቪሉ ነው። በከተማው መንገድ ላይ አቁሞ የገዛ ወገኑን እንዲፈትሽ የሚያደርገውም ሲቪሉ ነው። ፖለቲከኛው በንግግር መፍታት ያቃተውን ወደ ጦር ሰፈር ይገፋል፤ ሲበላሽ ግን ስሙ የሚጠፋው የወታደሩ ነው። በ2014 የበጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ ለመከላከያ የተመደበው 22 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2015 ዓ.ም ከ786.6 ቢሊዮን ብር ጠቅላላ በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ሆነ። ይህ የእኔና የእናንተ ገንዘብ ነው። ከዚህ ውስጥ ለተራው ወታደር ወጥ ስንት ደረሰ፣ ለቆሰለው ሕክምና ስንት ደረሰ፣ ለሞተው ቤተሰብ ስንት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ወታደሩን መውደድ ነው፤ ማማት አይደለም። እንዲያውም ነገሌ ላይ ይህን የጠየቀ አንድ የምክር ቤት አባል ቢኖር ኖሮ ደርግን ባላየነው ነበር።

እንግዲህ ምን ይሁን?

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው፣ መከላከያን የሚከታተለው የምክር ቤት ኮሚቴ የተቃዋሚ አባላት ያሉበት፣ ካምፕ ገብቶ ተራውን ወታደር ያለ አዛዡ የሚያነጋግር ይሁን። ወታደሩ የሚያቀርበው አቤቱታ ከአዛዡ ውጭ የሚታይበት ነፃ ቢሮ ይኑር፤ የጠየቀ ሰው «አመፀ» ተብሎ አይታሠር። ሁለተኛው፣ የመከላከያ ገንዘብ፣ ኩባንያም ካለው ኩባንያው፣ በዋና ኦዲተር ይመርመር። ምስጢር የሚባለው የመሣሪያው ዓይነትና ብዛት እንጂ የሽንኩርቱ ሒሳብ አይደለም። ሦስተኛው፣ ማንም ሲቪል፣ ዐዋጅ ኖረም አልኖረም፣ ወታደራዊ ካምፕ አይታሠር። የአንቀጽ 93 የስም ዝርዝር በወሩ ይውጣ። ሰላማዊ ሰው የገደለ ወታደርም፣ ያዘዘው ሹምም፣ ሕዝብ ገብቶ በሚሰማው ችሎት ይቅረቡ።

እነዚህ ሦስቱ አዲስ ሕገ መንግሥት አይጠይቁም። ያለውን ማንበብና መሥራት ብቻ ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥት ያሉትም ቢሆኑ ለራሳቸው ሲሉ ሊያስቡበት ይገባል። ክቡር ዘበኛ ንጉሡን ከዳ፤ ደርግን የደርግ ጄኔራሎች ሊገለብጡት ተነሡ። «ወታደሩ የእኔ ነው» ያለ ሁሉ አንድ ቀን «የእኔ» ባለው ጠመንጃ ተፈትኗል። ነገም ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው መቀመጡ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚያስከብራቸው ዛሬ ያስከበሩት ሕግ ብቻ ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼም አንድ ነገር ልበል። የምክር ቤት ተወካያችሁን ስም ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ሂዱና ጠይቁት፤ ስለ መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ስለ ወታደሩም ጠይቁት። «የስም ዝርዝሩ የታለ? የወታደሩ አቤቱታ የት ይታያል?» በሉት። ካላወቃችሁት ደግሞ እሱም እናንተን አያውቃችሁም፤ ወታደሩን ለማን ትተን እንደተኛን ያን ጊዜ ይገባናል።